ከደጃፍ የሚበቅል ሥራ፦ የስኮትላንድ ደጋና ደሴቶች የልማት ታሪክ

በየትኛውም አገር ከመናገሻው ከተማ የራቀ፣ መሬቱ የሳሳ፣ አየሩ የከበደ፣ መንገዱ የቀጠነ ክፍል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ክፍል ዘወትር የሚታወቀው በሚልከው ሰው ነው፤ ወጣቱ ጕልበቱን ይዞ ይሄዳል፣ ሽማግሌው ቤቱን ይዞ ይቀራል። መንግሥታትም፣ ባለጸጎችም፣ የልማት ድርጅቶችም ይህን ፍልሰት ለመግታት በየዘመኑ «ሥራ እናምጣላቸው» ብለው ተነሥተዋል። ሥራው መጥቶ የቈየበት ስፍራ አለ፤ መጥቶ የሄደበትም አለ። የቈየው ለምን እንደ ቈየ፣ የሄደውም ለምን እንደ ሄደ መመርመር የኢኮኖሚ ሊቃውንት ድርሻ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ግድቡን፣ መሥመሩንና ፋብሪካውን የሚነድፈው መሐንዲስ ስለ ሆነ፣ የመልሱ ከፊል በእርሱ እጅ ይገኛል።

ለዚህ ጥያቄ የስኮትላንድን ደጋና ደሴቶች ያህል ረጅም መልስ ያለው አገር ጥቂት ነው። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የባለ መሬት ንግድ፣ የባለጸጋ በጎ አድራጎት፣ የመንግሥት ግድብ፣ የልማት ቦርድ፣ ከባድ ኢንዱስትሪ፣ በመጨረሻም የነዋሪዎች ባለቤትነት ተራ በተራ ተፈትነውበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አገሩና ሕዝቡ

የስኮትላንድ ደጋ ሲባል የኢትዮጵያ አንባቢ ስንዴና ገብስ የሚታፈስበትን፣ ሕዝብ በብዛት የሰፈረበትን ለም አምባ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የመላዋ ብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ የሆነው ቤን ኔቪስ ከባሕር ወለል በላይ 1,345 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ጫፉ እንኳ በኢትዮጵያ ልማድ ከቆላ የሚቈጠር ነው። ነገር ግን አገሩ ከምድር ሰቅ እጅግ የራቀ በመሆኑ ብርዱ፣ ዝናቡና ነፋሱ ይበረታል፤ አፈሩም ውኃ ያቈረና ኮምጣጣ ሆኖ ከአጃ፣ ከገብስና ከድንች በቀር ብዙ አያበቅልም። ምዕራባዊው ጠረፍ በባሕር ሰርጦች የተቈራረጠ ሲሆን፣ ከዚያ ማዶ ስካይ፣ ሉዊስ፣ ሃሪስ፣ ዩዊስትና ሌሎችም ደሴቶች ይገኛሉ። ሰባቱ የደጋ አውራጃዎች ከስኮትላንድ መሬት ግማሽ ያህሉን ይዘው ሳለ፣ በ1961 ቈጠራ የነዋሪያቸው ብዛት 278,000 ገደማ፣ ይኸውም ከአገሩ ሕዝብ 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር።

ይህ ባዶነት የተፈጥሮ ብቻ ሥራ አልነበረም። እስከ 18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሕዝቡ በጎሳ አለቆቹ ሥር ሆኖ፣ የጌይሊክ ቋንቋውን እየተናገረ፣ ከብት እያረባና ጠባብ ማሳ እያረሰ ይኖር ነበር። ኋላ አለቆቹ ወደ ባለ መሬትነት ሲለወጡ፣ ወገን የነበረው ሕዝብ ጭሰኛ ሆነ። የበግ ጠጉር በተወደደ ጊዜም ከጭሰኛ ከሚሰበሰበው ኪራይ ይልቅ ከበግ መንጋ የሚገኘው ገቢ በልጦ ታየ። በሰዘርላንድ ርስት፣ በተለይም ስትራዝኔቨር በሚባለው ሸለቆ፣ በ1814ና በ1819 አያሌ ቤተሰቦች ከነባር ቀያቸው ተነቀሉ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም የቤታቸው ጣራ ተቃጠለ፤ እነርሱም ወደ ድንጋያማው ጠረፍ ተገፉ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራ መፍጠር የሚያስብ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ወደ ጠረፍ ለተገፋው ሕዝብ ሥራ አልጠፋለትም ነበር። በናፖሌዎን ጦርነት ዘመን ለሳሙናና ለመስተዋት መሥሪያ የሚያስፈልገው አልካሊ ከውጭ መግባቱ ስለ ተሰናከለ፣ ከባሕር አረም አመድ የሚገኘው ኬልፕ ዋጋው ናረ። ባለ መሬቶቹም ለጠረፉ ሕዝብ የሚያከራዩትን ማሳ ሆን ብለው አጠበቡት፤ ማሳው ቤተሰቡን ዓመቱን ሙሉ የሚመግብ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ቆሞ አረም የሚያጭድ ሰው አይገኝምና። ጦርነቱ በ1815 ካበቃ በኋላ የውጭው አልካሊ ተመልሶ ገባ፣ ኬልፑም ዋጋ አጣ። ሥራው ሄደ፤ ለሥራው ሲባል የጠበበው ማሳ ግን ጠባብ እንደ ሆነ ቀረ። በ1846 ድንቹን በሽታ በመታው ጊዜ ይህ ሕዝብ የሚመለስበት ስላልነበረው ተራበ፤ በየመርከቡም ተጭኖ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ፈለሰ።

የቀረው ሕዝብ ቆይቶ ተነሣ። በ1882 በስካይ ደሴት ብሬስ በተባለው ስፍራ ጭሰኞች ከግላስጎ ከተላኩ ፖሊሶች ጋር ተጋጩ፤ መንግሥትም መርማሪ ጉባኤ ሰይሞ ነገሩን ካጣራ በኋላ በ1886 የክሮፍተሮችን ሕግ አወጣ። ክሮፍት ማለት አንድ ቤተሰብ ተከራይቶ የሚያርሰው ጠባብ መሬት ከጋራ ግጦሽ ድርሻ ጋር ነው። ሕጉ ክሮፍተሩ ኪራዩን እስከ ከፈለ ድረስ እንዳይነቀል፣ ይዞታውን ለዘመዱ እንዲያወርስ፣ ኪራዩም በዳኝነት እንዲወሰን አደረገ። መሬት አልጨመረም፣ ሥራም አልፈጠረም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለተሠራው ሁሉ መሠረት የሆነው ይኸው ሕግ ነው፤ የማይነቀልበት ስፍራ ያለው ሰው ብቻ ነውና የቀረበለትን ሥራ እሺ ወይም እምቢ ለማለት የሚችለው።

የሎርድ ሌቨርሁልም ዕቅድ

እምቢታው ብዙ ሳይቈይ ታየ። በ1918 ሎርድ ሌቨርሁልም የተባሉ ስመ ጥር የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት 30,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባትን የሉዊስን ደሴት ገዙ፤ በማግሥቱ ዓመት ሃሪስን ጨመሩ። ደሴቶቹን ለማበልጸግ ከልብ የሚመኙ ሰው ነበሩ፤ ዕቅዳቸውም በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የሚወጣለት አይመስልም። በስቶርኖዌይ ወደብ የበረዶ ፋብሪካና የዓሣ ማሸጊያ ይቋቋማል፤ የባቡር ሐዲድ ይዘረጋል፤ የሄሪንግ ዓሣን መንጋ አውሮፕላኖች ከሰማይ ሆነው እየቃኙ ለመርከቦቹ ያመለክታሉ። ገበያ እንዳይታጣም ማክፊሸሪስ በተባለ ድርጅታቸው አማካይነት በመላዋ ብሪታንያ የዓሣ መሸጫ ሱቆችን በብዛት ገዙ።

በሌላ ወገን ከደሴቲቱ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱት ወጣቶች ሲመለሱ መሬት እንደሚያገኙ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። በ1919 የአዲስ ዓመት ሌሊት ተመላሾችን የያዘችው ኢዮሌር የተባለች መርከብ በስቶርኖዌይ ደጃፍ ከዓለት ጋር ተላትማ 200 ያህል ሰዎች አለቁ። በዚህ ኀዘን ላይ የቆሙት ዘማቾች በኮልና በግሬስ የሚገኙት ሰፋፊ እርሻዎች ለክሮፍት እንዲከፋፈሉ ጠየቁ። ሌቨርሁልም እርሻዎቹ ለከተማው ወተት እንደሚያስፈልጉ፣ መደበኛ ደመወዝ ያለው ሰውም ከጠባብ ማሳ ጋር መታገል እንደማይኖርበት በመግለጽ ጥያቄውን አልተቀበሉም። ዘማቾቹ እርሻዎቹን በጕልበት ያዙ። ይህ ክርክር ሳይፈታ የዓሣ ገበያ ወደቀ፤ የሌቨርሁልምም ኩባንያ በገንዘብ ተቸገረ። በ1921 የሉዊስ ሥራ ቆመ።

በ1923 ሌቨርሁልም የሉዊስን መሬት ለነዋሪዎቿ በስጦታ አቀረቡ። የስቶርኖዌይ ከተማና አካባቢዋ ስጦታውን ተቀበሉ፤ ያን ጊዜ የተመሠረተው የባለአደራዎች ማኅበርም መሬቱን በሕዝብ ስም ማስተዳደር ጀመረ። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ሜታጋማ የተባለች መርከብ ወደ 300 የሚጠጉ የደሴቲቱን ወጣቶች ይዛ ወደ ካናዳ ሄደች። ሌቨርሁልም በ1925 ሲሞቱ በሃሪስ የጀመሩትም ሥራ አብሮ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች የገበሬዎቹን ግትርነት፣ ሌሎች የባለጸጋውን ትዕቢት ይወቅሳሉ። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ግን ጕድለቱ ከነድፉ ላይ ነበር። ዕቅዱ የሚሠራው ሕዝቡ ማሳውን ለደመወዝ ሲለውጥ ብቻ ነበር፤ ደመወዙም የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ሀብትና በአንድ ዓሣ ዋጋ ላይ ነው። ልውውጡ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ በ1921 ገበሬው ማሳም ደመወዝም ሳይኖረው ይቀር ነበር። የኬልፕን ዘመን ታሪክ ከአያቱ የሰማ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሒሳብ አላስፈለገውም።

ውኃና ብርሃን

ለደጋው ከሁሉ የሰፋውን የምሕንድስና ሥራ ያመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቶም ጆንስተን በጦርነቱ መካከል፣ በ1943፣ የሰሜን ስኮትላንድ የውኃ ኤሌክትሪክ ቦርድ የሚቋቋምበትን ሕግ በፓርላማ አሳለፉ። ያን ጊዜ ከደጋው እርሻዎች ከ6ቱ አንዱ፣ ከክሮፍቶች ደግሞ ከ100 አንዱ ብቻ ያህል ኤሌክትሪክ ነበረው። ቀደም ሲል የግል ኩባንያዎች ያቀረቧቸው የግድብ ዕቅዶች በዓሣና በአደን ጌቶች፣ በከሰል ድንጋይ ባለቤቶች፣ የተፈጥሮ ውበት ይበላሻል በሚሉም ወገኖች ተቃውሞ ተደጋግመው ወድቀው ነበር። የ1943ቱ ሕግ ከእነዚያ የሚለየው ቦርዱ ኃይል ከማመንጨትና ከማከፋፈል በተጨማሪ ለሰሜን ስኮትላንድ የኢኮኖሚ ልማትና የማኅበራዊ ኑሮ መሻሻል እንዲተባበር በግልጽ ስለሚያዝዝ ነው።

የአሠራሩ ብልሃት በገንዘቡ አፈሳሰስ ላይ ነው። ተበታትኖ ወደሚገኝ ክሮፍት የሚዘረጋ መሥመር በራሱ ገቢ ወጪውን ከቶ አይመልስም፤ በኪሎ ሜትሩ የሚገኘው ደንበኛ ጥቂት፣ ደንበኛውም የሚፈጀው ኃይል ጥቂት ነውና። ስለዚህ ቦርዱ ታላላቅ ማመንጫዎችን ሠርቶ ኃይሉን ለደቡቡ የኢንዱስትሪ አገር ይሸጣል፤ ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ በሸለቆዎቹና በደሴቶቹ ላለው ኪሳራ ያለበት መሥመር ይውላል። በ1950 የተመረቀው፣ ያን ጊዜ 130 ሜጋዋት ያመነጭ የነበረው የስሎይ ጣቢያ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የውኃ ማመንጫ በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶ ሙሉ ኃይል ስለሚሰጥ፣ በምሽቱ ከፍተኛ ፍጆታ ሰዓት ለግላስጎ አካባቢ የሚሸጠው ኃይል ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር። በሌላ አነጋገር የከተማው መብራት የገጠሩን ምሰሶ ከፈለ።

በሥራው ከፍተኛ ወቅት 12,000 ያህል ሠራተኞች ተሰማርተው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የደጋው ተወላጆች፣ አየርላንዳውያን፣ ፖሎናውያን፣ እንዲሁም የቀድሞ የጦር ምርኮኞች ይገኙ ነበር። እስከ 1965 ድረስ 54 ዋና ዋና ማመንጫዎችና 78 ግድቦች ተሠሩ። በፒትሎክሪ ግድብ 34 ገንዳዎች ያሉት የዓሣ መወጣጫ ተሠርቶ ሳልመን ወደ መራቢያው የሚወጣበት መንገድ እንዲኖረው ተደረገ፤ ግድቡን አጥብቃ የተቃወመችው ከተማም ኋላ መወጣጫውን ለማየት ከሚመጣው ጎብኚ ተጠቀመች።

ሆኖም ግድብ በራሱ ዘላቂ ሥራ እንደማይፈጥር ይኸው ታሪክ ያስረዳል። ግንባታው ሲያበቃ 12,000ው ሠራተኛ ተበተነ፤ ተርባይኑን የሚጠብቁት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ዘላቂ ሆኖ የተገኘው ወደ እያንዳንዱ ቤት የገባው መሥመር ነው። የወተት ማለቢያውን፣ የዓሣ ማቀዝቀዣውን፣ የአናጢውን መጋዝ፣ የእንግዳ ማረፊያውን ምድጃ ያንቀሳቀሰው እርሱ ነው። መሥመሩ ለማን ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያመጣ አስቀድሞ አልወሰነም፤ ምርጫውን ለባለ ቤቱ ተወለት።

ታላላቆቹ ፋብሪካዎች

መብራቱ ቢገባም ወጣቱ መሄዱን አልተወም። ስለዚህ በ1965 የደጋና የደሴቶች ልማት ቦርድ በሕግ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም የከተማና የአገር ፕላን ሊቅ ፕሮፌሰር ሮበርት ግሪቭ ነበሩ። ቦርዱ ብድርና እርዳታ መስጠት፣ የፋብሪካ ሕንጻ መሥራት፣ በድርጅቶች አክሲዮን መግዛት ይችል ነበር፤ በመሬት ይዞታ ላይ የነበረው ሥልጣን ግን በተግባር ደካማ ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ዓመታዊ ሪፖርቱ የሚመዘነው ከሁሉ ይልቅ የክሮፍቱን አገር ሕዝብ በስፍራው ለማቆየት በመቻሉ መሆኑን ራሱ አመልክቶ ነበር። የገንዘቡና የተስፋው ክብደት ግን ያረፈው ጥቂት የተመረጡ የዕድገት ማዕከሎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማዕከል በፎርት ዊልያም አጠገብ ኮርፓክ ላይ በ1966 የተከፈተው የእንጨት ፐልፕና የወረቀት ፋብሪካ ነበር። ፐልፕ መሥሪያው ወጪውን ሊችል ስላልቻለ በ1980 ተዘጋ፤ የወረቀት ክፍሉ እስከ 2005 ቈየ።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት ግን በምሥራቁ ጠረፍ በኢንቨርጎርደን የተገኘ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የብሪታንያ መንግሥት አሉሚኒየም በአገር ውስጥ እንዲቀለጥ ስለ ፈለገ፣ በዓመት 100,000 ቶን የሚያመርት ማቅለጫ በዚያ ተቋቋመ፤ በ1971ም ሥራ ጀመረ። አንድ ኪሎ አሉሚኒየም ለማምረት 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልግ፣ እንዲህ ያለው ፋብሪካ ቀንና ሌሊት ወደ 200 ሜጋዋት የሚጠጋ ኃይል ይፈጃል። ይህን ኃይል የሚሰጠው በአካባቢው ያለ ወንዝ አልነበረም። ውሉ የተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ገና በመሠራት ላይ በነበረው በሃንተርስተን «ቢ» የኑክሊየር ጣቢያ የታሰበ ወጪ ላይ ነው። ጣቢያው ዘግይቶ በ1976 ኃይል መስጠት ጀመረ፤ በ1977 ደግሞ የባሕር ውኃ ወደ አንዱ ሪአክተር ገብቶ ለረጅም ጊዜ አቆመው። የኃይሉ ዋጋ ከታሰበው በላይ ሆነ፤ ኩባንያውና የኃይል ባለሥልጣኖቹም በሒሳቡ ተከራከሩ። በዚህ ላይ የዓለም የአሉሚኒየም ዋጋ ወደቀ። በ1981 መጨረሻ ማቅለጫው በድንገት ተዘጋ፤ 900 ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። ሥራውን ተማምነው ከደቡብ ድረስ የመጡ፣ ቤት የሠሩ፣ ልጆቻቸውን በአካባቢው ትምህርት ቤት ያስገቡ ቤተሰቦች ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና መንገደኞች ሆኑ።

በዚያው በደጋው በሌላ ወገን ከዚህ እጅግ ያረጀና ያነሰ ማቅለጫ ነበር። የሎካበር ማቅለጫ በ1929 ሲከፈት ውኃው ከቤን ኔቪስ ሥር በተፈለፈለ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ እንዲመጣለት ተደርጎ ነበር። ኃይሉ የራሱ፣ ዝናቡም የአገሩ ስለ ሆነ፣ ባለቤቶቹ ተራ በተራ ቢለዋወጡም ከ90 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። ሁለቱ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ብረት በአንድ ዓይነት ጥበብ ያመርቱ ነበር፤ የለያቸው አንደኛው ከአገሩ ከተገኘ ነገር ጋር፣ ሁለተኛው ከሩቅ ውል ጋር መታሰሩ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ መትከል ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም፤ ከምን ጋር እንደሚተሳሰር ሳይጠየቅ መትከሉ ነው ስሕተቱ።

በሰሜን ባሕር ነዳጅ ዘይት ሲገኝም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በምዕራቡ ጠረፍ በኪሾርን የተቋቋመው የመድረክ መሥሪያ ከ3,000 በላይ ሠራተኞች ይዞ 600,000 ቶን የሚመዝነውን የኒኒያን ማዕከላዊ መድረክ ሠራ፤ መድረኩም በ1978 ወደ ባሕር ተጎተተ። በ1987 መሥሪያው ተዘጋ። ይሁንና ሥራው ጊዜያዊ መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ስለ ነበር፣ ሲያልፍ ያስከተለው ቍስል ከኢንቨርጎርደኑ ያነሰ ነው። በዚሁ ዘመን በጠረፉ ሰርጦች የተጀመረው የሳልመን ርባታ ግን ሰፍቶ ቈየ። ገንዘቡ የመጣው ከታላላቅ ኩባንያዎች ቢሆንም፣ የሚፈልገው ንጹሕና ከማዕበል የተጠለለ ውኃ ከዚያ ከጠረፉ ተነሥቶ የሚሄድ አይደለምና።

የሸማኔው ቤት

ኬልፑ፣ የሌቨርሁልም ዕቅድና ፐልፑ ሁሉ ሲያልፉ፣ በሉዊስና በሃሪስ በየቤቱ ጓሮ የሚሰማው የመሸመኛ ድምፅ አልቆመም። ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የበግ ጠጉር ጨርቅ በመጀመሪያ ለቤት ልብስ የሚሠራ ነበር፤ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ወደ ለንደን ገበያ ወጣ። ስሙ ሲገን አስመሳዩ በዛ። በ1909 አምራቾቹ ማኅበር መሥርተው ኋላም በሉል ላይ መስቀል ያለበትን የንግድ ምልክት አስመዘገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የትኛውን ሥራ በእጅ ማቆየት፣ የትኛውን ለማሽን መስጠት እንደሚገባ ሲመዘን የኖረበት ታሪክ ነው። በ1934 ደንቡ ተሻሽሎ በደሴቶቹ ፋብሪካ የተፈተለ ፈትል ተፈቀደ፤ መፍተል አድካሚና አዝጋሚ ስለ ነበር ሽመናውን ወደ ኋላ ይጎትተው ነበርና። ሽመናው ግን በደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ ያለ ሞተር ኃይል እንዲሆን ተወሰነ። በ1964 የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ስሙ ከደሴቶቹ ውጭ ለሚፈተል ጨርቅ እንደማይገባ ፈረደ፤ በ1966 ምርቱ ከ7 ሚሊዮን ያርድ በላይ ደረሰ። ከዚያ ፋሽን ተለወጠና ገበያው ወደቀ። በ1976 በሞተር የሚሠራ ሰፊ መሸመኛ በፋብሪካ እንዲገባ ሐሳብ ሲቀርብ ሸማኔዎቹ በድምፅ ብልጫ እምቢ አሉ። በ1990ዎቹ የተስማማው መፍትሔ የመጣው ከመሐንዲስ ጠረጴዛ ነው፤ ሁለት እጥፍ ስፋት ያለው፣ ነገር ግን እንደ ብስክሌት በእግር የሚነዳ መሸመኛ ተሠራ። በ1993 የወጣው የሃሪስ ትዊድ ሕግ ስሙን ከቦታው ጋር ለዘለቄታው አሰረው።

ይህ ሥራ ማንንም ባለጸጋ አላደረገም፤ ገበያው በወደቀ ዓመት ሸማኔው ተቸግሯል። ነገር ግን ሸማኔው ክሮፍት አለው፣ በግ አለው፣ ጀልባም ይኖረው ይሆናል፤ ሽመናው ሲቀዘቅዝ ሌላውን ይይዛል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ሥራው የማይሰደደው መሠረቱ ማሽኑ ሳይሆን ስሙ ስለ ሆነ፣ ስሙም በሕግ የነዋሪው ስለ ሆነ ነው።

ከመሬት እስከ መብራት

የመጨረሻው ምዕራፍ የተከፈተው ነዋሪዎች መሬቱን ራሳቸው መግዛት ሲጀምሩ ነው። በ1993 የአሲንት ክሮፍተሮች፣ ባለቤቱ የሆነው የውጭ ኩባንያ ከስሮ መሬታቸው ተቈራርሶ ሊሸጥ በነበረ ጊዜ፣ ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። በ1997 የኤግ ደሴት ነዋሪዎች ከአውራጃው ምክር ቤትና ከአንድ የዱር አራዊት ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው ደሴታቸውን ገዙ። በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግም ለገጠር ማኅበረሰብ መሬት ሲሸጥ የቅድሚያ መብት፣ ለክሮፍት ማኅበረሰብ ደግሞ ከዚያ የበለጠ መብት ሰጠ። በ2006 የሳውዝ ዩዊስት ታላቅ ርስት ወደ ነዋሪዎቹ ተዛወረ፤ በ2013ም ማኅበራቸው 6.9 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሦስት የነፋስ ተርባይኖች አቆመ።

ለመሐንዲስ የኤግ ታሪክ ተለይቶ ይነገራል። ይህች ደሴት ከአገር አቀፉ መሥመር ጋር አልተገናኘችም ነበር፤ አብዛኛው ቤት በራሱ የናፍጣ ጀነሬተር ይጠቀም ነበር። በ2008 ነዋሪዎቹ የራሳቸውን መረብ ሥራ አስጀመሩ፦ 100 ኪሎዋት ያህል የሚሰጥ የውኃ ተርባይን ከሁለት ትንንሾች ጋር፣ እያንዳንዳቸው 6 ኪሎዋት የሆኑ አራት የነፋስ ተርባይኖች፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች፣ ባትሪዎች፣ ለክፉ ቀን የሚጠብቁ የናፍጣ ሞተሮች፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ የተቀበረ ገመድ። ኃይሉ ውሱን ስለ ሆነ ማንኛውም ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት፣ የንግድ ድርጅትም ከ10 ኪሎዋት በላይ እንዳይወስድ ተስማሙ። መረቡንም የሚጠግኑት ለዚሁ የሠለጠኑ የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው። ደሴቲቱ በተገዛች ጊዜ 60 ያህል የነበረው የነዋሪው ቍጥር ኋላ ከ100 አለፈ። ቍጥሩ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከመቶ ዓመት ፍልሰት በኋላ የተገለበጠ ነው።

የታሪኩ ሚዛን

ይህ ሁሉ ሲመዘን ድሉ ሙሉ አይደለም። የደጋው ሕዝብ በጠቅላላው ከ1960ዎቹ ወዲህ ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን በይበልጥ በኢንቨርነስና በአካባቢዋ ነው። በ1911 46,000 ያህል ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩት የውጪ ሄብሪዲስ ደሴቶች በ2011 የቈጠሩት 27,700 ገደማ ብቻ ነው። መሬት መግዛቱም፣ ግድቡም፣ ሽመናውም ይህን ገና አልመለሱም። ቢሆንም ከሁለት መቶ ዓመት ሙከራ ሦስት ነገሮች ጠርተው ይታያሉ።

አንደኛ፣ የነዋሪው መሬት ዋስትና ከሥራ ፈጠራ በፊት የሚመጣ ነው። የ1886 ሕግ ባይኖር በ1923 በሉዊስ የሚቀር፣ በ1993 በአሲንት የሚገዛ ሕዝብ አይኖርም ነበር። ሁለተኛ፣ ሥራው ከአገሩ ሊነቀል ከማይችል ነገር ጋር፣ ይኸውም ከውኃው፣ ከሰርጡ፣ ከስሙ ጋር የተሳሰረ እንደ ሆነ ገበያ ቢያናውጠውም ይቈያል፤ በሩቅ ውልና በአንድ ሸቀጥ ዋጋ ላይ የተሰቀለ እንደ ሆነ ግን በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ከአገሩ የበቀለ ሥራም ያለ ውጭ እጅ አያድግም። ሕጉን ያወጣው በለንደን የነበረ ፓርላማ፣ የክሮፍቱን መሥመር የከፈለው የግላስጎ ደንበኛ፣ የኤግን ኬብልና ተርባይን የሠራውም የሩቅ ፋብሪካ ነው። የደጋው ሰው ጥያቄ የውጭ እርዳታ ይቅር የሚል አልነበረም፤ እርዳታው ሲመጣ የቤቱን ቍልፍ እንዳይወስድበት ነው።

መሐንዲሱም ከዚህ ውስጥ የራሱን ድርሻ ያገኛል። በሩቅ አገር የሚተከል ፋብሪካ ሲነደፍ ጥሬ ዕቃው፣ ኃይሉና ገበያው ከየት እንደሚመጡ በሒሳብ ይቀመጣል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢቋረጥ ሠራተኛው ወዴት እንደሚመለስ ግን በሥዕሉ ላይ ቦታ አይሰጠውም። ግድብ ሲሠራም ወደ ከተማው የሚሄደው ከፍተኛ መሥመር ቀድሞ ይሳላል፤ ከግድቡ ሥር ያለው መንደር ትራንስፎርመር ለኋላ ይቀራል። የ1943ቱ ሕግ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የከተማውን ገቢ ለመንደሩ መሥመር አደረገ፤ ይህም በወረቀትና በቀመር የሚሠራ፣ በየትኛውም አገር ያለ መሐንዲስ ዕቅዱን ሲያቀርብ ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው።